ያልተጻፈው ሒሳብ፦ የአዋሽ ባቡር ጣቢያና የእናቶቻችን ንግድ



ባለፈው ዓመት ሊጎበኙን ከመጡት ደጋፊዎቻችን መካከል አንዷ እንዲህ ብለው ጠይቀውን ነበር፤ «ብድር ከመስጠታችሁ በፊት ሴቶቹን ይህን ያህል ጊዜ ደብተር አያያዝ የምታስተምሯቸው ለምንድን ነው? እነሱ የሚቸግራቸው ገንዘቡ አይደለም ወይ?» በዕለቱ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። «ደብተር የሌላት ተበዳሪ ስትከስርም ስታተርፍም አታውቀውም» ብለን አለፍነው። ዋናው መልስ ግን ረጅም ነው። የሚጀምረውም ከከተማችን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ነው። በዚህ እትም ያንን መልስ ለእሳቸውም ለሁላችንም እንጽፋለን።

ሐዲዱ አዋሽ እስኪደርስ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚገባ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ በግመልና በበቅሎ የሚደረገው ጉዞ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሙቀቱ፣ የውሃ እጥረቱና መሬታቸው የተነካባቸው አርብቶ አደሮች ተቃውሞ ሥራውን አጓተቱት። ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነና ሐረር ቀረች፤ ከሥሯ ባለው ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ የታሪኩ ክፍል እንግዳ አይደለም። ኩባንያው ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ከሰረ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራውን የሚረከብ አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመ። ሐዲዱም ኤረርን፣ አፍደምንና ሚኤሶን እያለፈ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አዋሽ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ ነበር።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «ባቡሩ በከተማችን በኩል አለፈ» ይላሉ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ከተማ አልነበረም። የነበረው የግራር ቁጥቋጦ፣ የአፋርና የከረዩ ከብቶች የሚሠማሩበት ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር ደግሞ የአዋሽ ወንዝ የሚሄድበት ጥልቅ ገደል ነው። መሐንዲሶቹ ገደሉ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ በአጠገቡም ጣቢያ አቆሙ። ከተማችን የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የአዋሽ ጣቢያ ታሪክ የአንድ ሕንጻ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የልደት ቀናችን ነው።

ባቡሩ የሚያድርበት ቦታ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳፋሪው የመጀመሪያዋን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛዋን ደግሞ አዋሽ ያድራል። ሚኒስትርም ሆነ ነጋዴ፣ አምባሳደርም ሆነ ወዛደር፣ ባቡር የተሳፈረ ሁሉ አዋሽ ሳያድር አያልፍም ማለት ነው። በረሃ መካከል ያለች ትንሽ ጣቢያ የአገሪቱ ሁሉ እንግዳ ማረፊያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የሚያርፉት ከጣቢያው አጠገብ በነበረው ቡፌ ነው። እስከ ዛሬም «ቡፌ ደ አዋሽ» እየተባለ ይጠራል። ይህን ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት አንዲት የግሪክ ተወላጅ ሴት እንደነበሩ ስናስብ ደስ ይለናል። ስለ አዋሽ የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህንን ቤት ነው።

የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪስ የት ያድር ነበር? ስለዚህ የጻፈ መንገደኛ አላገኘንም። መልሱን የሰጡን የማኅበራችን አንጋፋ አባላት ናቸው። እናቶቻቸው እንደነገሯቸው ያ ተሳፋሪ የሚያድረው በእናቶቻቸው ቤት ነው። ባቡሩ ሲገባ ሴቶቹ ፋኖስ ይዘው ጣቢያ ይወጣሉ፤ እንግዳ ይዘው ይመለሳሉ። ሰሌን ያነጥፋሉ፣ እግር መታጠቢያ ውሃ ያቀርባሉ፣ እንጀራ በሽሮ ያበላሉ። ሲነጋ ባቡሩ ሳይነሳ ሻይና ዳቦ ያደርሳሉ። ከተማዋን ያቆማት ይህ ሥራ ነው። በኋላ ባቡሩ በሌሊትም መጓዝ ሲጀምርና የናፍጣ ባቡር ሲመጣ አዳሩ ቀረ፤ ንግዱ ግን ከቤት ወጥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ባቡሩ የሚቆምባት አጭር ጊዜ የገበያ ሰዓት ሆነች። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ብርቱካን፣ የግመል ወተት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁሉም በባቡሩ መስኮት በኩል ይሸጣል። ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ገንዘቡን ለመቀበል ከፉርጎው ጎን የሚሮጡ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላችን ያንን ሩጫ የሮጡ አሉ።

ጣቢያው ያየው

ጣቢያችን የአገራችንን ታላላቅ ቀኖች አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሄዱበት ባቡር ያለፈው በዚሁ ሐዲድ ነው። ከሳምንት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ሄደ። የሚያሳድዱት ጦሮች መጋቢት መጨረሻ ላይ ወንዙን ተሻግረው፣ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በተነሳ ጊዜም በሐዲዱ ላይ ያሉ ድልድዮች ተመቱ፤ ባቡሩም ለወራት ተቋረጠ።

እነዚህ ቀኖች በታሪክ መጻሕፍት አሉ። እኛን የሚያሳስበን ግን በዚያው ቀን ጣቢያው ላይ እንቁላል ይዘው የቆሙት ሴቶች ነገር ነው። ባቡር ለወራት ሲቋረጥ በምን ኖሩ? ማንን ተበደሩ? ስንቱን ከፈሉ? ይህ በየትኛውም መዝገብ የለም።

መዝገብ ያለውና መዝገብ የሌለው

የምድር ባቡር ድርጅት መዝገብ የሚወድ ቤት ነበር። ፉርጎው ቁጥር አለው፤ ጆንያው ይመዘናል፤ ቲኬቱ ይበሳል። ወደ ውጭ የሚወጣው ቡናና ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ጨርቅና ነዳጅ በኪሎ ይጻፋል። በሒሳብ ትምህርት የተማርነው «ያልተመዘገበ እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የሚለው ደንብ እዚያ ይሠራ ነበር።

በዚያው ባቡር ላይ ግን ሌላ ንግድ ነበረ። ከድሬዳዋ ጨርቅና ሽቶ፣ ከኤረር ብርቱካን፣ ከአዋሽ ከሰልና ወተት፣ ከአዲስ አበባ በርበሬና እህል የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ኮንትሮባንድ የሚባለውም ነበረ፤ ይህንን መደበቅ አንፈልግም። ፊናንስ ሲመጣ ጨርቁን ወገባቸው ላይ የሚጠመጥሙ፣ ከሰው እግር ሥር የሚያስገቡ፣ ዕቃቸው ተወርሶባቸው ባዶ እጃቸውን የገቡ ብዙ ናቸው።

እኛ የተማርነው ሴቶች አንዳንድ ጊዜ «እናቶቻችን ስላልተማሩ አልጻፉም» እንላለን። አንጋፋዎቻችንን ስንጠይቅ ግን ከዚህ የተለየ መልስ ነው የሰጡን። አንዷ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ወረቀት ይዘሽ ብትገኚ ወረቀቱ ራሱ ምስክር ይሆንብሻል። ጭንቅላት ግን አይፈተሽም።» ስለዚህ አለመጻፍ አለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ጥንቃቄም ነበር። የሃምሳ ደንበኛ ዱቤ በቃላቸው ይይዙ ነበር። ማን ምን ወሰደ፣ በየትኛው ጉዞ ይከፍላል፣ የትኛዋ ለየትኛዋ ተያዥ ናት፣ ሁሉን ያውቁታል። እኛ በኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምረን በሁለት ዓምድ የምንጽፈውን እነሱ በጭንቅላታቸው ይሠሩት ነበር።

እንዲህ ያለው ሒሳብ አንድ ጉድለት አለው። ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ጥር 1977 ዓ.ም.

አገሪቱ በድርቅ በተመታችበት በዚያ ዓመት፣ በጥር ወር፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ባቡር ከአዋሽ ከተማ አቅራቢያ አደጋ ደረሰበት። ባቡሩ ገደል ላይ በተሠራ ኩርባ ድልድይ ሲያልፍ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወደቁ። ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች ተሳፍረው ነበር። 428 ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከአባሎቻችን የአንዷ እናት ከሞቱት መካከል ናቸው። ልጅቱ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከታች ሦስት ታናናሾች አሏት። ይህን የምንጽፈው በፈቃዷ ነው።

አርባው ሳይወጣ ባለዕዳ ነን የሚሉ ሳይሆኑ አበዳሪ ነን የሚሉ ሰዎች መጡ። አንዱ «ጨርቅ በዱቤ ሰጥቻታለሁ» አለ። ሌላዋ «የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት በልታለች፤ ቀሪውን መክፈል አለባችሁ» አለች። እውነት ይሁን ውሸት የምታመሳክርበት ነገር አልነበራትም። የእናቷ ስም እንዳይነሳ ብላ ቤት ያለውን ሸጣ ለሁሉም ከፈለች። እናቷ ያበደረቻቸውስ? እናቷ ለብዙ ሰው ዱቤ ትሰጥ እንደነበር ልጅቱ ታውቃለች። ግን ማን፣ ስንት፣ አታውቅም። ጠብቃ ጠብቃ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ወተት እያመጣች ጣቢያ የምትሸጥ የአፋር ሴት ነበረች። ፍየል እየጎተተች መጥታ፣ «ከእናትሽ ሽርጥ ወስጄ አልከፈልሁም ነበር» ብላ ፍየሏን ደጃፉ ላይ አስራ ሄደች።

አባላችን ይህን በስብሰባ ላይ ስትነግረን እንዲህ ስትል ጨረሰች፦ «እናቴን ባቡር ገደለብኝ። ቤታችንን ያፈረሰው ግን ወረቀት ማጣት ነው።» ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ቀን የደብተር ትምህርቱን የሚቃወሙ አባላት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም።

ባቡሩ ሲቀር

አሮጌው ባቡር በአንድ ቀን አልቆመም። ሐዲዱ አረጀ፤ መለዋወጫ ጠፋ። የጭነት መኪናው መንገድ እየተሻሻለ ሄደ። አዋሽ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚሄደው፣ በሚሌ በኩል ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ የሚለያይባት ከተማ ስለሆነች ጭነቱ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ዞረ። ባቡሩ መጀመሪያ በየቀኑ መምጣቱን ተወ፤ ቀጥሎ ቀኑ የማይታወቅ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር ፈጽሞ ተዘጋ። «ነገ ይመጣ ይሆናል» እያሉ እንቁላል ቀቅለው ጣቢያ ሲጠብቁ የዋሉ እናቶች እንደነበሩ እናውቃለን።

ድርጅት ሲዘጋ ሠራተኛው ቢያንስ ስሙ በመዝገብ አለ፤ ጡረታም ሆነ ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት አለው። በመስኮት ስትሸጥ የኖረች ሴት ግን ስሟ የትም የለም። የሥራ ዘመኗ ሠላሳ ዓመት ነው ብትል የሚሰማት የለም። አገሪቱ ባቡሩ ሲቆም ምን ያህል እንዳጣች ሲሰላ የእሷ ኪሳራ ከድምሩ ውስጥ አልገባም። ከብት ወይም ሌላ ገቢ የነበራት ቆመች፤ ጣቢያውን ብቻ የያዘች ወደቀች። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ አሮጌው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ጉዞ በግማሽ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄድ ሌላ ሐዲድም ስለተዘረጋ የከተማችን ስም ከባቡር ጋር ዳግም መነሳት ጀምሯል። ነገር ግን አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ተሳፋሪው በመኪና ሄዶ ይሳፈራል፤ መስኮቱ ዝግ ነው። የእናቶቻችን ገበያ ተመልሶ እንደማይመጣ ማወቅ አለብን።

ደብተሩ ምን አሳየን

ባለፈው ዓመት አምስት አባሎቻችን ተሰባስበው ወደ አዲሱ ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሻይ ቤት ለመክፈት ብድር ጠየቁ። አሳባቸው መጥፎ አልነበረም። እንደ እናቶቻቸው ባቡርን ተከትለው መኖር ፈልገዋል። እኛ «አይሆንም» አላልንም። አንድ ወር በየቀኑ የሸጡትን፣ ለማን እንደሸጡት፣ በስንት ሰዓት እንደሸጡት እንዲጽፉ ብቻ ጠየቅናቸው። መጻፍ የማትችለዋ በልጇ አስጻፈች።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሮቹን አንድ ላይ ቁጭ ብለን ደመርን። ገቢያቸው በአብዛኛው ከባቡር ተሳፋሪ አልነበረም፤ በአስፋልቱ ከሚያልፉ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች ነበር። የሚሸጠውም ጠዋትና ማታ እንጂ ባቡር በሚደርስበት ሰዓት አልነበረም። ማንም አልመከራቸውም፤ የራሳቸው ደብተር ነገራቸው። ብድሩን ወስደው ሻይ ቤቱን አስፋልቱ ዳር ከፈቱት። ከአምስቱ ሦስቱ ደግሞ ከትርፋቸው ለየብቻ ፍየል ገዝተዋል። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «መንገዱም አንድ ቀን እንደ ባቡሩ ሊቀር ይችላላ!» አሉን። የጣቢያውን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ተረድተውታል።

ስለዚህ ለጠየቁን ደጋፊያችን መልሳችን ይህ ነው። ደብተር የምናስተምረው የብድሩን መመለሻ ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ያላትን፣ ያበደረችውንና የተበደረችውን ጽፋ ስታስቀምጥ፣ በድንገት ብትታመም ወይም ብትሞት ልጆቿ በማያውቁት ዕዳ ቤታቸውን አይሸጡም። ሥራዋ ቢቀርም «እዚህ ሠርቻለሁ፣ ይህን ያህል አጥቻለሁ» የምትልበት ማስረጃ ይኖራታል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለትልልቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለእንቁላልና ለብርቱካን ሒሳብም ይሠራል።

ለአባሎቻችን አንድ ልመና አለን። ጣቢያው ላይ የሠራችሁ፣ ወይም እናታችሁ የሠሩ፣ የምታስታውሱትን ሳትንቁ ኑና ንገሩን። ምን ትሸጡ ነበር? በስንት? ከማን ጋር ትቀመጡ ነበር? ባቡሩ ያልመጣ ቀን ምን በላችሁ? ለዚህ ብለን በቢሮአችን አንድ ትልቅ መዝገብ ከፍተናል። መጻፍ የማትችሉ ብትሆኑ እኛ እንጽፍላችኋለን፤ አንብበን እናሰማችኋለን፤ ካላመናችሁበት እናርመዋለን። ስማችሁ እንዲወጣ የማትፈልጉ ከሆነ ስም አይጻፍም።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የአባላችን ቃል ነው። ልክ እንደ ሒሳብ መዝገብ በሁለት ዓምድ እንዲሆን የፈለገችው እሷ ናት። በአንደኛው ዓምድ እናቷ አለባቸው ተብሎ የከፈለችው ዕዳ ሁሉ፣ የምታስታውሰውን ያህል፣ ተዘርዝሯል። በሌላው ዓምድ ለእናቷ የተመለሰው ተጽፏል፤ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «አንድ ፍየል» ይላል።